ከመጀመሪያው የሕመም ስሜት እስከ ምርመራው ውጤት ድረስ፤ ከአውስትራሊያ የኮሮና ዓመታት የምንማረው



በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው ከእኛ በጣም ርቃ በምትገኘው በአውስትራሊያ ስለ ኮሮና የታየውን ነው። ስለ ኮሮና ብዙ ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም «አሁን ደግሞ ምን ቀረ?» ትሉ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን የገለጸው በሜይ 2023 ነው። ቫይረሱ ራሱ ግን አልጠፋም። ከጉንፋንና ከኢንፍሉዌንዛ ጋር እየተመላለሰ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋውን ሰዎች ይጎዳል። አውስትራሊያን የመረጥነው፣ በ2020 እና በ2021 በሽታው የት እንደገባ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ ሰዎች መቼ እንደታመሙና መቼ እንደተመረመሩ አንድ በአንድ ለመከታተል ከጣሩት አገሮች አንዷ ስለሆነች ነው። ሌላ አገር በግምት የሚነገረው ነገር እዚያ ተቆጥሮ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ውጤት ሳይጠበቅ የወረዱ መንገደኞች

በአውስትራሊያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የታወቀው ጃንዋሪ 25 ቀን 2020 በሜልቦርን ከተማ ነበር። መንግሥት ማርች 20 ቀን ከዜጎቹና ከቋሚ ነዋሪዎቹ በቀር ለሌላው ሁሉ ድንበሩን ዘጋ። ልክ በዋዜማው ግን ሩቢ ፕሪንሰስ የምትባል ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ሲድኒ ወደብ ደርሳ 2,700 ያህል መንገደኞች ወርደው ወደየቤታቸው ሄዱ። በመርከቧ ላይ የሚያስሉና ትኩሳት ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከአንዳንዶቹም ናሙና ተወስዶ ነበር። ሆኖም ውጤቱ እስኪመጣ አልተጠበቀም። በማግስቱ ውጤቱ ሲደርስ ኮሮና መሆኑ ታወቀ፤ በዚያን ጊዜ ግን መንገደኞቹ በባቡር፣ በአውሮፕላንና በታክሲ ተበታትነው ነበር። ከዚህች መርከብ ጋር የተያያዙ ከ600 በላይ ሕመምተኞች ተቆጠሩ፤ 28 ሰዎችም ሞቱ።

እንግዲህ ናሙናው ተወስዶ ነበር። ጉዳቱን ያመጣችው በናሙናውና በውጤቱ መካከል ያለችው አንዲት ሌሊት ናት። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ስለዚህች ሌሊትና ስለ መሰሎቿ ነው።

ቀኖቹን አብረን እንቁጠር

አንድ አባት ቅዳሜ ዕለት ከእንግዳ ተያዙ እንበል። በ2020 በነበረው የቫይረሱ ጠባይ የሕመሙ ስሜት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከተያዙ ከ5 ወይም ከ6 ቀን በኋላ ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ጉሮሮአቸውን መከርከር ይጀምራቸዋል። ነገር ግን ሰው ሌላውን ማስያዝ የሚጀምረው ሕመሙ ሳይሰማው ከሁለት ቀን ያህል በፊት በመሆኑ እኒህ አባት ከማክሰኞ ጀምሮ ሳያውቁት ያስተላልፋሉ። ሐሙስ «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላሉ። ዓርብ ሥራ ይውላሉ። ቅዳሜ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፤ ማታ ደግሞ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ለቅሶ እንዴት ይቀራል? እሑድ ሳሉ ሲበረታባቸው ይመረመራሉ። ውጤቱ ረቡዕ ይደርሳቸዋል። ከማክሰኞ እስከ ረቡዕ ስምንት ቀን ሆነ ማለት ነው።

ከእነዚህ ስምንት ቀኖች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም ሊያውቃቸው አይችልም፤ በእነርሱም ማንም አይወቀስም። ከሐሙስ እስከ ረቡዕ ያሉት ግን በእጃችን ናቸው። በኋላ የመጡት የቫይረሱ ዓይነቶች ፈጠን ያሉ ናቸው፤ ዴልታ በ4 ቀን ገደማ፣ ኦሚክሮን ደግሞ በ3 ቀን ገደማ ሕመሙን ያሳዩ ነበር። ቀኖቹ ቢያጥሩም ስሌቱ አልተለወጠም።

ከዚሁ ስሌት ሌላም ነገር እንረዳለን። በ2020 እና በ2021 በበሽታው ከተያዘ ሰው ጋር በቅርብ የተገናኘ ሰው በአውስትራሊያ 14 ቀን በለይቶ ማቆያ፣ እኛ ቢዱድ በምንለው፣ እንዲቆይ ይታዘዝ ነበር። ብዙዎች «ተመርምሬ ነፃ ነህ ተብያለሁ፤ ታዲያ ለምን እታሰራለሁ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ፣ በሦስተኛው ቀን የተወሰደ ናሙና በሰባተኛው ቀን የሚወጣውን በሽታ ስለማያሳይ ነው። ምርመራ የሚናገረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው።

ሜልቦርን፣ ጁላይ 2020

በ2020 መጀመሪያ ላይ የነበረው ማዕበል ጋብ ካለ በኋላ፣ ከውጭ የሚገቡ ሰዎች ለይቶ ማቆያ ከሆኑት የሜልቦርን ሆቴሎች በሽታው አምልጦ ወጣ። ይህም የታወቀው የቫይረሱን የዘር መለያ በማነጻጸር ነው። በጁላይ መጨረሻና በኦገስት መጀመሪያ በአንድ ቀን ከ700 በላይ አዳዲስ ሕመምተኞች የተቆጠሩባቸው ቀናት ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር መሪ የነበሩት ዳንኤል አንድሩስ ጁላይ 22 ቀን ለሕዝብ የተናገሩት ቁጥር በእኛ አስተያየት ከዚያ ዓመት ቁጥሮች ሁሉ በላይ ሊታወስ የሚገባው ነው። በዚያ ወር በሁለት ሳምንት ውስጥ ከታመሙት ከ10 ሰዎች 9 ያህሉ ሕመሙ ከጀመራቸው ቀን አንሥቶ እስከተመረመሩበት ቀን ድረስ ራሳቸውን አልለዩም፤ ሥራ ሄደዋል፣ ገበያ ወጥተዋል፣ ዘመድ ጠይቀዋል። ናሙና ከሰጡ በኋላም 53 በመቶው ውጤታቸውን እየጠበቁ ከሰው ጋር ይገናኙ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ነበሩን? አልነበሩም። መሪው ራሳቸው እንዳስረዱት ብዙዎቹ ሥራ ካልገቡ የማይከፈላቸው፣ የሕመም ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች ነበሩ፤ በእርድ ቤት፣ በመጋዘን፣ በጽዳትና በአረጋውያን እንክብካቤ የሚሠሩ። ለእንዲህ ያለው ሰው «ጉሮሮህን ከከረከረህ ሦስት ቀን ቤትህ ተቀመጥ» ማለት «ሦስት ቀን ልጆችህ አይብሉ» እንደማለት ነው። በመሆኑም የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የሕመም ፈቃድ ለሌላቸው ሠራተኞች ውጤት እስኪመጣ ለሚቀመጡበት ጊዜ 300 ዶላር፣ በሽታው ለተገኘባቸው ደግሞ 1,500 ዶላር መክፈል ጀመረ። ይህን የምንጽፈው በእያንዳንዱ ቤት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ስላለ ነው። ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ ታምማ ሥራ ብትሄድ ከመቆጣታችሁ በፊት የምትቀርበትን ቀን ማን እንደሚከፍላት ጠይቋት።

ዘጠኙ ፎቆች

ስለ ሜልቦርን ስናወራ የማንዘለው ነገር አለ። በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልቦርን ሰፈሮች ዘጠኝ ረጃጅም የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ 3,000 ያህል ሰዎች ይኖሩባቸው ነበር። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ፣ ከሱዳንና ከቬትናም የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩባቸው፤ አማርኛ በእነዚያ ደረጃዎች ላይ የሚሰማ ቋንቋ ነበር። ቤቶቹ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ ነበር፤ አሳንሰሩና የልብስ ማጠቢያው የጋራ ነበር።

ቅዳሜ ጁላይ 4 ቀን 2020 ከሰዓት በኋላ መንግሥት ማንም ከእነዚህ ሕንፃዎች እንዳይወጣ አወጀ፤ ትእዛዙም ወዲያውኑ ሥራ ላይ ዋለ። ነዋሪው ነገሩን ያወቀው በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞ ሲያይ ነበር። መድኃኒት ያለቀበት፣ ለሕፃን ወተት ያልገዛ፣ ምን እንደተባለ ያልገባው ሁሉ እዚያው ቀረ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቋንቋው የተዘጋጀ ማስረጃ በቂ አልነበረም። አንዳንዱ የመጣው ምግብ ለእምነታቸው የማይሆን ነበር። ክፍተቱን የሞሉት በአብዛኛው የየማኅበረሰቡ ወጣቶች ናቸው፤ ምግብ አምጥተዋል፣ በስልክ ተርጉመዋል፣ ሽማግሌዎችን አረጋግተዋል። ስምንቱ ሕንፃዎች ከአምስት ቀን በኋላ ተከፈቱ፤ ዘጠነኛው ሁለት ሳምንት ቆየ።

የቪክቶሪያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ዴቦራ ግላስ በዲሴምበር 2020 ባወጡት ዘገባ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ በቅጽበት መዘጋቱ የክፍለ ሀገሩን የሰብአዊ መብት ሕግ የጣሰ ነው ብለዋል። የጤና ባለሥልጣናቱ በዚያ ሥፍራ በሽታውን ለመግታት ምክንያት እንደነበራቸው ዘገባው አልካደም። በእኛ በኩል የምንለው፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ በሽታን ለማቆም ከፖሊስ አስቀድሞ አስተርጓሚ መድረስ አለበት። የሚገባውን ቃል የሰማ ሰው በሩን ራሱ ይዘጋል። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ስለ ማስክ የወጣ አንድ ጽሑፍ ፋርሲና አረብኛ ተደባልቆበት መገኘቱ ነው። ያንን ወረቀት የተቀበለ ሽማግሌ ምን ያድርግ?

ዜናውን እንዴት መከታተል ይገባል?

በእነዚያ ወራት በሜልቦርንና በሲድኒ ቤተሰቡ ሁሉ በየቀኑ መግለጫውን ይጠብቅ ነበር። የሁሉም ጆሮ የሚቆመው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ዛሬ ስንት ሰው ተያዘ? የተማሩት ግን ሁለት ሌሎች ቁጥሮችን ይፈልጉ ነበር። የመጀመሪያው፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ በሽታው በሚተላለፍባቸው ቀናት ከሰው መካከል ነበሩ የሚለው ነው። መቶ ሰዎች ታምመው መቶውም አስቀድመው ቤታቸው ተለይተው ከነበረ በሽታው መንገዱ ተዘግቶበታል። አሥር ታምመው አሥሩም ሥራ ላይ ከነበሩ ግን ያስፈራል። ሁለተኛው፣ ከማን እንደያዛቸው ያልታወቀ ስንት ናቸው የሚለው ነው፤ እነዚያ ማንም የማያየው ሰንሰለት እንዳለ ያመለክታሉ። ደግሞም የዛሬው ቁጥር የዛሬ ሳምንት ወይም ከዚያ በፊት የተያዙት ሰዎች ቁጥር መሆኑን ከላይ ከቆጠርነው ትረዳላችሁ።

በሽታው ያለበት ሰው የቆመባቸው ቦታዎችም ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይታተሙ ነበር፤ እገሌ የሚባል ሱቅ፣ ሰኞ፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት። የፍሳሽ ውኃም ይመረመር ነበር። በአንድ ሰፈር ፍሳሽ የቫይረሱ ቅንጣት ከተገኘ፣ የታመመ ሰው ባይታወቅም የሰፈሩ ሰዎች እንዲመረመሩ ይጠየቁ ነበር።

ስለ ማስክ የተሰጠው ምክር ለምን ተለዋወጠ?

በ2020 መጀመሪያ ላይ የአውስትራሊያ የጤና ባለሥልጣናት ጤነኛ ሰው ማስክ እንዲያደርግ አይመክሩም ነበር። በሽተኛው ጥቂት ነው፣ ማስኩም ለሐኪሞችና ለነርሶች ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። በእስራኤል በአደባባይ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ የሆነው ኤፕሪል 12 ቀን 2020 ነው፤ በሜልቦርን ግን ጁላይ 10 ቀን እንደ ምክር ተነገረ፣ ከጁላይ 22 እኩለ ሌሊት ጀምሮ ደግሞ የ200 ዶላር መቀጫ ያለው ግዴታ ሆነ። ሰው «ትናንት አያስፈልግም አላችሁ፣ ዛሬ ትቀጡናላችሁ» ቢል አይፈረድበትም። ምክሩ የተለወጠው ሕመም የማይሰማው ሰውም እንደሚያስተላልፍ ማስረጃው ስለበረታና በሽታው በከተማው ውስጥ ስለተሠራጨ ነው።

ኦገስት 2 ቀን የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሰውም ከቤቱ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ተደረገ። ኦክቶበር 26 ቀን በቪክቶሪያ አንድም አዲስ ሕመምተኛ አልተገኘም። ይህን ያመጣው ማስክ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ስለተደረገ ለያይቶ መመዘን ያስቸግራል።

አንድ ዝርዝር ነገር ግን እናቶቻችን ልብ እንዲሉት እንወዳለን። መጀመሪያ ላይ በሜልቦርን ሻርፕ ወይም ጨርቅ አፍ ላይ መጠምጠም ይፈቀድ ነበር፤ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ግን ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክ እንጂ ሻርፕም ሆነ የፕላስቲክ የፊት መከለያ ብቻውን ተቀባይነት አጣ። ነጠላን አፍ ላይ መሳብም እንደዚሁ ነው። ለአክብሮትና ለብርድ መልካም ነው፤ ትንፋሹ ግን በጎንና በላይ ያመልጣል። አፍንጫው ውጭ ከቀረ ማስኩ በግማሽ እንኳ አልሠራም።

በ2021 ደግሞ አየሩ ራሱ መታሰብ እንዳለበት ግልጽ ሆነ። በዚያ ዓመት በሲድኒ ሆቴሎች በአጎራባች ክፍሎች የነበሩና ፈጽሞ ያልተገናኙ እንግዶች አንድ ዓይነት ቫይረስ ተገኘባቸው። በጁን ወር በሲድኒ ቦንዳይ ሰፈር የዴልታ ዓይነት በገባ ጊዜ፣ በገበያ አዳራሽ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ከመተላለፍ በቀር ምንም ያልተነካኩ ሰዎች መያያዛቸው በጥበቃ ካሜራ ታየ። ስለዚህ ፒ ቱ ወይም ኤን 95 የሚባለው ጠበቅ ያለ ማስክ ከጨርቁ ይሻላል፤ መስኮት መክፈትም ሰው የሚንቀው ግን ያለ ወጪ የሚገኝ ጥበቃ ነው። ቡና ሲፈላ አንዱን መስኮት ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውንም ክፈቱ።

የምርመራው ሰልፍ፣ ዲሴምበር 2021

ኦሚክሮን የሚባለው ዓይነት ሲመጣ የምርመራው ሥርዓት ራሱ ተጨናነቀ። በገና ሰሞን በሲድኒ ሰዎች በመኪና ለብዙ ሰዓት ተሰለፉ፤ ውጤት ለቀናት ዘገየ። ኩዊንስላንድ የተባለው ክፍለ ሀገር ለመግባት የ72 ሰዓት የምርመራ ወረቀት መጠየቁም ሰልፉን ካረዘሙት ነገሮች አንዱ ነበር። በችኮላውም አንድ የሲድኒ ላቦራቶሪ በሽታው የተገኘባቸውን 400 ያህል ሰዎች ነፃ ናችሁ ብሎ መልእክት ላከባቸው።

የመዘግየቱ አንድ ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። ላቦራቶሪዎች ጊዜ ለማትረፍ የብዙ ሰዎችን ናሙና ቀላቅለው በአንድ ጊዜ ይመረምራሉ። ቅልቅሉ ነፃ ከሆነ ሁሉም ነፃ ናቸው፤ በሽታ ከታየበት ግን እያንዳንዱ እንደገና ይመረመራል። የአራት ሰዎች ናሙና ተቀላቀለ እንበል። ከሺህ ሰው አንዱ ብቻ በሚታመምበት ጊዜ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅልቅል ነፃ ይሆናል። ከአምስት ሰው አንዱ ሲታመም ግን ከአሥር ቅልቅል ስድስቱ ያህል እንደገና ይሠራል። በጃንዋሪ 2022 ሲድኒ ባለችበት ክፍለ ሀገር ከአምስት ናሙና ከአንድ በላይ በሽታ ይገኝበት ነበር፤ ስለዚህ ቅልቅሉ ጥቅሙ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በቤት የሚደረገው ፈጣን ምርመራ እንዲበቃ ተወሰነ፤ እርሱም በመጀመሪያ ከመደብሮች ጠፍቶ ዋጋው ንሮ ነበር።

እነዚያ ሰልፎችና የግዴታ ለይቶ ማቆያዎች ዛሬ የሉም፤ በአውስትራሊያ የለይቶ ማቆያ ግዴታ በኦክቶበር 2022 ተነሥቷል። ግዴታው ሲነሣ ኃላፊነቱ ወደ ቤታችን መጣ ማለት ነው።

ለአረጋውያን ለምን ይብሳል?

በቪክቶሪያ በ2020 በኮሮና ከሞቱት ከ800 በላይ ሰዎች መካከል ከ600 የሚበልጡት በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ ነበሩ። በሽታው ወደ እነርሱ የገባው ብዙ ጊዜ ከሚንከባከቧቸው ሠራተኞች ጋር ነው። የእኛ ሽማግሌዎች አብዛኛውን ጊዜ ከልጆቻቸው ጋር ወይም በአቅራቢያቸው ስለሚኖሩ በሽታውን የሚያመጣባቸው የሚወዱት የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ልጁ ንፍጥ ከጀመረው ያን ሰሞን አያቱን በስልክ ይጠይቅ።

ሌላው ነገር መድኃኒት ነው። ፓክስሎቪድ የሚባለው በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በአምስት ቀን ውስጥ ነው። በአውስትራሊያ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ በሽታው ሲገኝባቸው በመንግሥት ድጎማ እንዲያገኙት ተፈቅዶ ነበር። አሁን ወደ እኒያ አባት እንመለስ። ሐሙስ የጀመራቸውን ሕመም እሑድ ተመርምረው ረቡዕ ውጤት ቢቀበሉ፣ አምስቱ ቀን አልፎአል። ሐሙስ ማታ ቢመረመሩ ግን ጊዜው ገና ነበራቸው። ከዚህም ጋር ይህ መድኃኒት ከአንዳንድ የልብ፣ የኮሌስትሮልና የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ ሐኪሙ የምትወስዱትን ሁሉ ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ጉሮሮ ሲከረክር፣ ሳል ወይም ትኩሳት ሲጀምር፣ ያንኑ ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጉ። በዚያው ቀን በቤት የሚደረገውን ምርመራ አድርጉ፤ ነፃ ቢያሳይም በዚያ ብቻ አትመኑ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ድገሙት። እስከዚያው ለቅሶም ሰርግም ቢሆን በልጅ ወይም በስልክ መልእክት ይላክ። ወደ ቁፓት ሆሊም ስትደውሉ የመድኃኒቶቻችሁን ሣጥኖች ፊታችሁ አስቀምጡ፤ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የምርመራውን ቀንና ዕድሜያችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዕብራይስጡ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ በመጀመሪያው ቃላችሁ ላይ ጠይቁ፤ የልጅ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ አትጠብቁ።